ማፍረስ የተሳነው ሕዋስ
ስለ ኤሊዛቤት ኑፌልድ ምርምርና ከዘር ስለሚወረስ የሕፃናት አእምሮ ሕመም ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት



ስለ ሰው አካል ስናስብ ልባችን ዘወትር የሚያዘነብለው ወደ መሠራቱ ነው፤ ሕፃኑ ከጽንስ ተነሥቶ አጥንቱ እንዴት እንደሚጸና፣ ሥጋው እንዴት እንደሚሞላ፣ አእምሮው እንዴት እንደሚነቃ እየተደነቅን እንጠይቃለን፤ ዳሩ ግን በዚያው አካል ውስጥ ከመሥራቱ ባልተናነሰ ትጋት ቀንና ሌሊት የሚካሄድ ሌላ ግብር፣ ይኸውም ያረጀውንና ያለቀለትን የማፍረስ ግብር መኖሩን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ የማፍረስ ግብር ሲሰናከል በሕፃናት አእምሮ ላይ ስለሚደርሰው ጥፋት፣ እንዲሁም ጥፋቱ ከየት እንደሚጀምር አጥብቃ ስለ መረመረች አንዲት ሊቅ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ሕመሙን በቅርብ እንየው። በ1917 በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ ይሠራ የነበረ ቻርልስ ሃንተር የሚባል ሐኪም የሁለት ወንድማማች ልጆችን መልክና ሁኔታ መርምሮ በጽሑፍ አወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ገርትሩድ ሁርለር የምትባል ጀርመናዊት የሕፃናት ሐኪም ተመሳሳይ፣ ነገር ግን የከፋ ሕመም መኖሩን ገለጸች። በሁርለር ስም የሚጠራው ሕመም ያለበት ሕፃን ሲወለድ ከሌሎች ሕፃናት የሚለይበት ነገር ብዙም የለም፤ ጡት ይጠባል፣ ይስቃል፣ እናቱን ይለያል። ወራት ሲቈጠሩ ግን የፊቱ ገጽ እየወፈረ፣ ምላሱ እየገዘፈ፣ ጉበቱና ጣፊያው አብጠው ሆዱ እየተነፋ፣ እምብርቱ ወደ ውጭ እየገፋ፣ የጣቶቹ መገጣጠሚያ እየደረቀ፣ አከርካሪው እየጐበጠ፣ የዓይኑም ጥራት እየደፈረሰ ይሄዳል፤ ጆሮውን ደጋግሞ ያመዋል፣ አፍንጫው አይደርቅም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የወላጆችን ልብ የሚሰብረው የአእምሮው ነገር ነው፤ እስከ ሁለተኛው ዓመት ገደማ ቃል በቃል ላይ ሲጨምር የነበረው ልጅ መጨመሩን ያቆማል፣ ቈይቶም የያዛቸውን ቃላት አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። ሕክምና ካላገኘ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው የሚሞተው ይበዛል።

የዚህ ዘመድ የሆነ፣ በ1963 በአሜሪካዊው ሐኪም በሲልቬስተር ሳንፊሊፖ ስም የታወቀ ሌላ ሕመምም አለ። ይኸኛው መልክን እምብዛም ሳይለውጥ አእምሮን ስለሚመታ ልጁ ዕረፍት ያጣል፣ ሌሊት አይተኛም፣ በያዘው ነገር አይረጋም፣ ንግግሩም ይጠፋል፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ጊዜ «ኦቲዝም ነው» ወይም «ባለጌ ሆኖ ነው» እየተባለ፣ እውነተኛው ስሙ ሳይታወቅ ዓመታት ያልፋሉ።

ሐኪሞች የእነዚህን ሕፃናት ሽንት ሲመረምሩ ከልክ ያለፈ አንድ ነገር አገኙበት፤ ከስኳር ቅንጣቶች የተቀጣጠለ፣ ድኝ የተጣበቀበት ረጅም ሰንሰለት ነው። ይህ ሰንሰለት በባሕርዩ ክፉ ነገር አይደለም፤ በቆዳችን፣ በልባችን በሮች፣ በልሙጥ አጥንታችንና በሕዋሳት ሁሉ ዙሪያ የሚገኝ፣ ያለ እርሱ አካል ቅርጹን መያዝ የማይችል ነው። ይሁን እንጂ በእነዚህ ልጆች ውስጥ እንደዚህ የበዛው ስለ ምን ነው? ያኔ ብዙዎች የመሰላቸው ሕዋሶቻቸው ሰንሰለቱን ከመጠን በላይ ስለሚሠሩ ነው የሚል ነበር። አሳቡ ለጊዜው ተገቢ ይመስል ነበር፤ ፍጹም የተሳሳተ መሆኑ የታወቀው ግን በኋላ ነው።

አሁን ለጥቂት ጊዜ ወደ ቤልጅግ እንሻገር። በ1949 በሉቬን ዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ደ ዱቭ የሚባል ሊቅ ኢንሱሊን በጉበት ላይ የሚሠራውን ሥራ ለመረዳት የአይጥ ጉበት እየፈጨ ኢንዛይሞችን፣ ይኸውም በሕዋስ ውስጥ የመሥራቱንና የማፍረሱን ሥራ የሚያከናውኑትን ፕሮቲኖች፣ ይለካ ነበር። ከሚለካቸው አንዱ፣ አሲድ ፎስፋታዝ የሚባለው፣ ሊኖረው ከሚገባው ኃይል እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ባልደረቦቹ የተፈጨውን ጉበት አልጣሉትም፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ አቈይተው ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደ ገና ቢለኩት፣ ያ ደካማ የነበረው ኢንዛይም ብዙ እጥፍ ሆኖ ጠበቃቸው። ኢንዛይሙ በቀጭን ሽፋን ተዘግቶ የሚኖር ኅቡእ እንደ ነበረና፣ ሽፋኑ ሲያረጅ ወደ ውጭ እንደ ወጣ ገባቸው። ደ ዱቭ የኢንሱሊኑን ጥያቄ ወደ ጎን ትቶ ይህን ተከተለ፤ እንደ እኔ አስተያየት የሊቅነቱ ትልቁ ማስረጃ ይህ መተዉ ነው፤ የጀመሩትን ትቶ ሳይጠሩት የመጣውን መከተል ለሊቃውንት ቀላል አይደለምና። በ1955 ይህ ከረጢት ሊሶሶም ተብሎ ተሰየመ፤ በዚያው ዓመት አሌክስ ኖቪኮፍ የሚባል አሜሪካዊ ወደ ሉቬን መጥቶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥዕሉን አነሣው። ደ ዱቭም በ1974 ከአልበርት ክሎድና ከጆርጅ ፓላዴ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ሊሶሶም ከሞላ ጎደል በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በብዛት የሚገኝ፣ ስፋቱ ከአንድ ሺህኛ ሚሊሜትር ብዙ የማይዘል ረቂቅ ከረጢት ነው። ውስጡ ጎምዛዛ ነው፤ በዚያ ጎምዛዛነት ብቻ በሙሉ ኃይላቸው የሚሠሩ ስድሳ ያህል ኢንዛይሞች ይኖሩበታል፤ እያንዳንዱም ኢንዛይም የሚፈታው ቋጠሮ ለብቻው የተመደበለት ነው። ያ ረጅም ሰንሰለት የሚፈርሰው ከጫፉ ጀምሮ በተራ ስለሆነ አንዱ ኢንዛይም ድርሻውን ካልፈጸመ ከእርሱ በኋላ ያሉት ጤነኞች ሆነው ሳለ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። በ1963 የደ ዱቭ የዩኒቨርሲቲ ባልደረባ አንሪ ዠሪ ኤርስ፣ የልባቸው ሥጋ እያበጠ የሚሞቱ አንዳንድ ሕፃናት የጎደላቸው ከእነዚህ ኢንዛይሞች አንዱ መሆኑን አስረዳ፤ ሕመሙን አስቀድሞ በ1932 የገለጸው ሆላንዳዊ ፖምፔ ግን ይህን ለማየት አልታደለም፤ የጀርመንን ወረራ በመቃወሙ በ1945 ተረሽኗልና። ከኤርስ በኋላ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ በሊሶሶም ውስጥ አንድ ኢንዛይም ሲጎድል ሊፈርስ የነበረው ነገር በዚያው ይከማቻል።

ወደ ዋናዋ ባለታሪክ ደረስን። ኤሊዛቤት ኑፌልድ በ1928 በፓሪስ ከተማ ተወለደች፤ ወላጆቿ ከሩስያ አብዮት የሸሹ አይሁድ ነበሩ፤ በ1940ም የናዚ ጦር ፈረንሳይን ሲወር ቤተ ሰቡ ሁለተኛ ተሰድዶ ኒው ዮርክ ገባ። በበርክሌ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ በ1956 ስትቀበል የተማረችው ስለ ሕፃናት በሽታ አልነበረም፤ ዕፀዋት የሕዋሳቸውን ግድግዳ የሚሠሩባቸውን የስኳር ዓይነቶች ነበር። በ1963 በቤቴስዳ በአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም ተቀጥራ ስለ ሁርለርና ስለ ሃንተር ሕመም ስታነብ፣ በሽንት ውስጥ የተገኘው ሰንሰለት ከዕፀዋቱ ስኳር ጋር ዝምድና እንዳለው አስተዋለች፤ የዕፀዋት ትምህርቷም ለሕፃናቱ በር ከፈተ።

ሥራዋ እንደሚከተለው ነበር። ከታመመው ልጅ ክንድ ላይ ኢምንት የምታህል የቆዳ ቅንጣት ተቈርጣ፣ ምግብ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ በሰው አካል ሙቀት ስትቀመጥ ሕዋሳቷ በሳሕኑ ወለል ላይ እየተባዙ ይዘረጋሉ። ኑፌልድ ከጆሴፍ ፍራታንቶኒና ከክላራ ሆል ጋር ሆና ጨረር የሚያወጣ ድኝ በፈሳሹ ውስጥ ጨመረች፤ ሕዋሳቱ ድኙን በአዲስ ሰንሰለቶቻቸው ላይ ስለሚያጣብቁት፣ ጨረሩን በመለካት ምን ያህል እንደ ተሠራና ምን ያህል እንደ ፈረሰ ለይቶ ማወቅ ይቻላል። የጤነኛው ልጅ ሕዋሳት እስከ አንድ ልክ ካከማቹ በኋላ የሚሠሩትና የሚያፈርሱት ተተካከለ፤ የበሽተኛው ሕዋሳት ግን ቀን በቀን ሲያከማቹ ማቆሚያ አጡ። ከዚያም ሕዋሳቱ ጨረር ወደሌለው ፈሳሽ ሲዛወሩ ጤነኞቹ ያላቸውን በቶሎ ጨረሱ፣ የበሽተኛው ግን እንደ ያዙ ቀሩ። ስለዚህ በሽታው የመሥራት መብዛት ሳይሆን የማፍረስ መጥፋት ነው፤ ያ የቀድሞው አሳብ በዚህ ወደቀ።

ቀጥሎ የመጣውን ግን ማንም አልጠበቀውም። በሥራ መካከል የሁርለር በሽተኛ ሕዋሳትና የሃንተር በሽተኛ ሕዋሳት ሳይታሰብ በአንድ ሳሕን ተቀላቀሉ፤ ሁለቱም የታመሙ ሆነው ሳለ የተቀላቀሉት እንደ ጤነኛ ሕዋስ ሰንሰለቱን ያፈርሱ ጀመር። እሳት የጠፋባት ባልቴት ከጎረቤቷ ፍም እንደምትጭር፣ አንደኛው ሕዋስ ያጣውን ኢንዛይም ከሌላው ተበድሮ ነበር፤ ይህ የሆነው የሁለቱ ጉድለት የተለያየ በመሆኑ ነው። ኑፌልድና ባልደረቦቿ ይህን በ1968 ሲያሳትሙ፣ ሕዋሳቱ መነካካት እንኳ እንደማያስፈልጋቸው፣ አንዱ የኖረበትን ፈሳሽ በሌላው ላይ ማፍሰስ ብቻ እንደሚበቃ አስረዱ። ፈዋሹን ነገር ለማጥራት ከዚያ በኋላ የተጠቀሙበት ምንጭ ደግሞ የጤነኛ ሰው ሽንት ነበር፤ በ1972ም የሁርለር ልጆች የጎደላቸው አይዱሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም እንደ ሆነ ተረጋገጠ።

ይህ የማቀላቀል ብልሃት ሐኪሞች በዓይናቸው ሊለዩት ያልቻሉትን ለየላቸው። ሃሮልድ ሼይ የሚባል የዓይን ሐኪም በ1962 የገለጸው ሕመም ዓይንን የሚያደፈርስና መገጣጠሚያን የሚያደርቅ ቢሆንም፣ ሕመምተኛው አእምሮው ሙሉ ሆኖ ለአዋቂነት ዕድሜ ይደርሳልና ከሁርለር የተለየ ሕመም ተደርጎ ተመድቦ ነበር፤ የሁለቱ ሕዋሳት ሲቀላቀሉ ግን አንዱ ሌላውን አላዳነውም፤ የጎደላቸው ያው አንዱ ኢንዛይም ነበርና፤ ልዩነቱ በአንደኛው ፈጽሞ መጥፋቱ፣ በሁለተኛው ጥቂት መትረፉ ነው። በሳንፊሊፖ ሕመም ደግሞ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በመልክም በጠባይም የማይለያዩ የሁለት ልጆች ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ስለ ተፈዋወሱ፣ አንድ የተባለው ሕመም ከአንድ በላይ መሆኑ ታወቀ። ጥቂት ትራፊ ኢንዛይም በአንድ ልጅ አእምሮ መጥፋትና በሌላው መዳን መካከል ያለው ልዩነት መሆኑን ልብ በሉ፤ መድኃኒት የሚፈልጉ ሰዎች ተስፋቸውን የጣሉት በዚህ ላይ ነውና።

በ1972 ኑፌልድ ሂክማን ከሚባል ባልደረባዋ ጋር ሌላ እንቆቅልሽ ፈታች። አይ-ሴል በሚባለው ሕመም አንድ ሳይሆን ብዙ ኢንዛይሞች ከሊሶሶም ይጠፋሉ፤ ፈሳሹ ሲመረመር ግን እዚያ ሞልተው ይገኛሉ። ከዚያ ፈሳሽ ለሌሎች ሕዋሳት ሲሰጥ አይቀበሉትም፤ የታመመው ሕዋስ ራሱ ግን ከጤነኛ የመጣውን ኢንዛይም ይቀበላል። እንግዲያውስ የጎደለው ኢንዛይሙ አይደለም፤ ወደ ሊሶሶም የሚያስገባው ማኅተም ነው ብላ በየነች። ማኅተሙ ማኖስ-6-ፎስፌት የተባለ የስኳር ቅንጣት መሆኑን በ1977 ዊልያም ስላይና ባልደረቦቹ አስረዱ። ዛሬ በፋብሪካ ከሚሠሩት ኢንዛይሞች አብዛኞቹ ከደም ወደ ሕዋስ የሚገቡት በዚህ ማኅተም ነው።

ታዲያ ከአካል ብልቶች ሁሉ አንጎል ይህን ያህል የሚጎዳው ስለ ምን ነው? የቆዳ ሕዋስ ሲከፈል የያዘውን ክምችት ለሁለት ልጆቹ ያካፍላል፣ አርጅቶም ይረግፋል፤ የነርቭ ሕዋስ ግን አይከፈልም፣ አይተካምም፤ ሕፃኑ ሲወለድ የነበረው ያው ሕዋስ ሽማግሌ እስኪሆን ያገለግለዋል፤ ስለዚህ ያልፈረሰው ነገር ሁሉ በላዩ ይደራረባል። ሊሶሶሞቹ እያበጡ የሕዋሱን ሆድ ይሞላሉ፤ ሌሎች ስብ ነክ ነገሮችም ሳይፈርሱ አብረው ይጠራቀማሉ፤ የአንጎል ጠባቂ ሕዋሳት ይቈጣሉ፤ ይህም የሚሆነው የነርቭ ቅርንጫፎች እርስ በርሳቸው በሚያያዙባቸው፣ ልጁም ቋንቋን በሚለምድባቸው በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ክምችቱ ቢጸዳ እንኳ ያልተሠራው ግንኙነት አይመለስም።

ሕክምናው የታሰረበት ገመድም ይኸው ነው። ኑፌልድ በ1984 ወደ ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ የክፍሉ የበላይ ከሆነች በኋላ፣ ኤሚል ካኪስ ከሚባለው ሐኪም ጋር አይዱሮኒዴዝን ለመድኃኒትነት ለማብቃት ደከመች፤ ዐሥር ሕመምተኞች የታከሙበት ሙከራ በ2001 ታተመ፣ መድኃኒቱም በ2003 በአሜሪካ ተፈቀደ። በየሳምንቱ በደም ሥር ለሰዓታት ይንጠባጠባል፤ ጉበት ይቀንሳል፣ ትንፋሽ ይሻላል፣ እግር ይበረታል። አንጎልን ግን አይደርስበትም፤ በደምና በአንጎል መካከል ያለው ቅጥር እንዲህ ያለውን ትልቅ ፕሮቲን አያሳልፍምና። ለአንጎል የተገኘው መንገድ ሌላ ነው፤ በ1980 በለንደን ሆብስ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ለአንድ የሁርለር ሕፃን ከጤነኛ ሰው መቅኔ ሰጡት። ከአዲሱ መቅኔ የሚወለዱ ሕዋሳት ከፊላቸው ቅጥሩን አልፈው በአንጎል ውስጥ ይሰፍራሉ፣ ኢንዛይሙንም እዚያው ያፈሳሉ፤ ሆኖም ልጁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው፣ አእምሮውም ሳይዘቅጥ መደረግ ይኖርበታል፤ መቅኔ መለወጥ ራሱም የሞት አደጋ ያለበት ሕክምና ነው።

በሚላኖ ያሉ ሊቃውንት ደግሞ አንድ እርምጃ አልፈዋል። ሜታክሮማቲክ ሌውኮዲስትሮፊ በሚባል፣ የነርቭን ልባስ በሚያጠፋ ሌላ የሊሶሶም ሕመም፣ የልጁን የራሱን የደም ዘር ሕዋሳት አውጥተው፣ ጉዳት እንዳያደርስ ከተገፈፈ የኤድስ ቫይረስ በተሠራ ማጓጓዣ ጤነኛውን ጂን፣ ይኸውም ኢንዛይሙ የሚሠራበትን የዘር መመሪያ፣ ይጨምሩበትና ይመልሱለታል። ሕክምናው በአውሮፓ በ2020፣ በአሜሪካ በ2024 ተፈቀደ፤ ዋጋውም በአሜሪካ 4.25 ሚሊዮን ዶላር ተባለ። ዕውቀቱን ሳደንቅ ዋጋውን ማድነቅ አልቻልኩም፤ በዚህ ዋጋ የሚድነው የሀብታም አገር ልጅ ነው፣ ያውም ሁሉም አይደለም።

ስለ ውርሱ ጥቂት ልጨምር፤ በየቤቱ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በዚህ ላይ ነውና። የሁርለርና የሳንፊሊፖ ሕመሞች የሚወረሱት አባትም እናትም እያንዳንዳቸው አንድ ደኅና፣ አንድ የተበላሸ ጂን ሲይዙ ነው፤ ግማሽ ኢንዛይም ለሰው ስለሚበቃ ወላጆቹ ምንም አይሰማቸውም፤ የታመመ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ነው፤ አንዱ ታሟልና የሚቀጥሉት ሦስቱ ይድናሉ ማለት አይደለም። የሃንተር ሕመም በእናት በኩል የሚያልፍ ሲሆን የሚታመሙት ወንዶች ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ዘመዳማቾች ሲጋቡ የተበላሸው ጂን ከሁለት ወገን የመገናኘት ዕድሉ ይጨምራል፤ በአገራችን በብዙ ስፍራ እስከ ሰባት ቤት ዘር ቈጥሮ አለመጋባት ስለ ጂን ምንም ሳይታወቅ የተሠራ ሥርዐት ቢሆንም በዚህ ረገድ ጠቃሚ ነው፤ ይሁንና ዕድሉን ያሳንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችም ያንኑ ጂን ሊይዙ ይችላሉና። እናትን «እርግማን አለብሽ» ወይም «በእርግዝናሽ አጥፍተሻል» ማለት ግን በዕውቀትም በሃይማኖትም የማይደገፍ ጭካኔ ነው።

እያንዳንዱ የሊሶሶም ሕመም ለብቻው ሲታይ ብርቅ ነው፤ በአንድነት ሲቈጠሩ ግን በ1999 የታተመ የአውስትራልያ ጥናት ከ7,700 ልደት አንድ ይደርሳሉ ብሏል። በአሜሪካ ከ2016 ጀምሮ የሁርለር ሕመም አዲስ የተወለዱ ሕፃናት እንዲመረመሩባቸው ከሚመከሩት ሕመሞች ዝርዝር ገብቷል፤ ከሕፃኑ ተረከዝ የተወሰደች ጠብታ ደም በወረቀት ላይ ደርቃ ኢንዛይሙ ይለካባታል። እንዲህ ያለ ምርመራ በሌለበት ስፍራ ቀድሞ የሚያየው የወላጅ ዓይን ብቻ ነው።

ስለዚህ ለወላጆችና ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች ይህን አሳስባለሁ፤ ይናገር የነበረ ልጅ ቃል ሲጥል፣ ይሄድ የነበረ ልጅ መውደቅ ሲያበዛ፣ በዚያም ላይ ሆዱ ተነፍቶ ወይም ጣቶቹ አልዘረጋ ብለው ስታዩ «ሲያድግ ይተወዋል» ብላችሁ ዓመት አትጠብቁ። ልጁ በስንት ወሩ እንደ ተቀመጠ፣ በስንት ወሩ እንደ ሄደ፣ የትኞቹን ቃላት ተናግሮ መቼ እንደ ተዋቸው፣ ከእናትም ከአባትም ወገን እንዲህ ያለ ልጅ ተወልዶ እንደ ሆነ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ፎቶግራፍም ካላችሁ ይዛችሁ፣ ወደ ሕፃናት ሐኪም ሂዱ።